ያልተላኩት ሽማግሌዎች

ዓብዱልሰመድ ድንኳኑን የተከለው ፊቱን ወደ ጫካው፣ ጀርባውን ወደ ይመር ድንኳን አዙሮ ነበር። ሀጂራ ይህን ስታይ ሳቋ መጣና ዋጠችው። ወንድሟ ከዙሪክ ድረስ በባቡር መጥቶ፣ ያን የመሰለ ሐይቅ ተዘርግቶለት፣ ቅዳሜና እሑድን የጥድ ግንድ ሲያይ ሊከርም ነው። አኩራፊ ምሳው እራት ይሆነዋል ማለት ይኸው ነው።

ኩርፊያው የስልክ ጣጣ ነው። ይመር ጄኔቭ ውስጥ ኦ ቪቭ ሰፈር ምግብ ቤት የሚሠራ ምግብ አብሳይ ነው፤ ሀጂራ ደግሞ እዚያው አጠገብ ካሩዥ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ትሠራለች። ተዋደዱ፣ ሊጋቡም ቆረጡ። አባቷ በሕይወት ስለሌሉ ወሊዋ ታላቅ ወንድሟ ዓብዱልሰመድ ነው፤ ያለ እሱ እሺታ ኒካህ አይታሰርም። ታዲያ የዋሁ ይመር አንድ ቀን ዙሪክ፣ ዜባህ ሰፈር ለሚኖረው ለዓብዱልሰመድ ስልክ ደወለና፣ «እህትህን ለትዳር ስጠኝ» አለው።

«እህቴን እንደ ፒዛ በስልክ ነው የምታዛት? ሽማግሌ ደጄ ሳይቆም ወላሂ አልሰጥም!» ብሎ ጆሮው ላይ ዘጋበት።

ይመር ሽማግሌ ከየት ያምጣ? በጄኔቭ የሚያውቃቸው ሐበሾች ሁሉ እንደ እሱ ጢማቸው ገና ያቀመቀመ ልጆች ናቸው። የእሱ ሽማግሌዎች ያሉት ከሚሴ ነው። እንዲህ እንደተፋጠጡ ዓመት አለፈ። በመጨረሻ ሀጂራ፣ «ሰው አብሮ ድንኳን ከተከለ ልቡ ይለሳለሳል» ብላ ሁለቱንም እዚህ ጠራቻቸው፤ ከሁለቱ ከተሞች መሐል፣ ፈረንሳይኛ ከሚነገርበት ወገን፣ ሐይቅ ዳር ካለ ጫካ። ወንድሟ ግን ለይመር ከ«አሰላሙ ዓለይኩም» ሌላ አንዲት ቃል አልጨመረለትም። ነገ ይህ ድንኳን ሲነቀል የእሷም ተስፋ አብሮ እንደሚነቀል ይታያት ጀመር፤ ፈራች።

አመሻሽ ላይ ይመር እራት ሊሠራ ተነሣ። በካምፑ አንድ የመብራት ምሰሶ ለብዙ ነው፤ የእነ ሀጂራም ገመድ፣ አጠገባቸው የቆሙት የሦስት ነጫጭ ካራቫኖች፣ በመኪና የሚጎተቱ ቤቶች፣ ገመድም የሚሰካው እዚያው ላይ ነው። ይመር ደግሞ የምግብ ቤት ሰው ነውና በትንሹ ማብሰል አያውቅበትም። በአንዱ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሩዝ፣ በሌላው ጥብስ ጥዶ፣ የሻይ ማፍያውን ሲሰካ ሁሉም ጸጥ አለ። የካራቫኖቹም መስኮት ድርግም አለ።

«መብራት ሄደ» አለች ሀጂራ፤ ሦስቱም ዝም ብለው ተቀመጡ። መብራት ሲሄድ ይጠበቃል እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል? ወሎ ላደገ ሰው ይህን ማንም አያስተምረውም። ስዊስ አገር መብራት እንዲያው ዝም ብሎ እንደማይሄድ መጀመሪያ ትዝ ያለው ይመር ነው። «የእኛ ሥራ ነው!» ብሎ ጥበቃውን ሊጠራ ሮጠ።

እሱ እንደ ሄደ ከካራቫኖቹ ሦስት ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ ሽማግሌዎች ወጡና መጥተው ፊታቸው ቆሙ። የመሐለኛው በፈረንሳይኛ፣ ሾርባው በእሳት ላይ እንዳለ፣ ኳስ ጨዋታውም ሊያልቅ ሲል መብራቱ እንደ ጠፋባቸው ቁጣውን በጨዋ ደንብ ይዘረዝር ጀመር። ሀጂራ ከሐፍረቷ የተነሣ የምትገባበት ጠፋት።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አገር ለቆ ዙሪክ የገባው ዓብዱልሰመድ ጀርመንኛ እንጂ ፈረንሳይኛ አያውቅም። ብድግ ብሎ ወንበር ሳበላቸው። ሽማግሌው መዳፉን አነሣ፤ አልቀመጥም ማለቱ ነው። ለሁለተኛው ሳበለት፤ እሱም እምቢ አለ። ሦስተኛውም እንደዚያው። ይህን ጊዜ የዓብዱልሰመድ ፊት ተለወጠ። የጃኬቱን ቁልፎች ቆለፈ፤ እጆቹን አጣምሮ ቀጥ አለ።

«ሀጂራ» አለ ቀስ ብሎ፣ «አንቀመጥም ነው የሚሉት?»

«አይቀመጡም፣ ጋሼ።»

«ይመር ነው የላካቸው?»

ሀጂራ «ኧረ ስለ መብራቱ ነው» ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን «አዎ» ነው። ወዲያው ምላሷን ብትነክሰው ወደደች።

ዓብዱልሰመድ ጉሮሮውን ጠረገና ለሦስቱ ፈረንጆች በአማርኛ ንግግር አደረገ። «አባታችን ቢኖሩ ይህን የሚመልሱት እሳቸው ነበሩ። ልጁ ወግ አውቆ ትልቅ ሰው ከላከ፣ ትልቅ ሰው ከደጄ ባዶውን አይመለስም። እሺ ይበልጣል ከሺህ፤ እሺ ብያለሁ። በያቸው።»

ሀጂራ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። በፈረንሳይኛ ግን ያለችው፣ «ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልን፤ ጥበቃው እየመጣ ነው። ወንድሜ ተቀመጡ ይላል» ነው። ሽማግሌው እንባዋን አይቶ ደነገጠ።

«ለመብራት ይለቀሳል እንዴ ልጄ? ምንም አይደል!» ብሎ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። ጓደኞቹም ተከትለውት ተቀመጡ።

«አየሽ?» አለ ዓብዱልሰመድ፤ «እሺ ሲባሉ ተቀመጡ።»

ይመር ጥበቃውን አስከትሎ ሲመለስ፣ መብራቱም ሲመጣ፣ የማያውቃቸው ሦስት ሽማግሌዎች ከማዕዱ ተሰይመው አገኘ። «ና እንጂ ይመር» አለው ዓብዱልሰመድ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ጠርቶት፤ «እንግዶችህ ደርቀው ቀሩ፣ ጥብሱን አቅርብ!» ይመር ሀጂራን አየት አደረጋት፤ በዓይኗ ጠቀሰችው። ሞኝ አይደለምና ሳይጠይቅ አቀረበ።

ከእራት በኋላ ሀጂራ ሰሐን ልታጥብ ወደ ካምፑ የጋራ መታጠቢያ ስትሄድ ወንድሟ አብሯት ሄደ።

«ጋሼ፣ ዋሽቼሃለሁ» አለችው፣ ቀና ብላ ሳታየው። «ሰዎቹ የመጡት…»

«ስለ መብራቱ ነው» አላት። «ሰውዬው 'ኤሌክትሪሲቴ፣ ኤሌክትሪሲቴ' እያለ ሲደጋግም የማልሰማ መሰለሽ? ጆሮ አለኝ እኮ።»

ሀጂራ ቀና ብላ አየችው። «ታዲያ ለምን ጠየቅኸኝ?»

«የምትመልሺውን ልሰማ። ተወልደሽ እስከ ዛሬ ዋሽተሽኝ አታውቂም። ለእሱ ብለሽ እኔን ከዋሸሽኝማ ነገሩ አልቋል፤ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።» ፎጣውን አንሥቶ ሰሐኑን ያደርቅ ጀመር። «ደግሞ ሽማግሌ ደጄ ሳይቆም ብዬ ማልኩ እንጂ፣ ለምን ጉዳይ እንደሚቆም መቼ ተናገርኩ? ዓመቱን ሙሉ መሐላዬ አንቆኝ ነበር። አላህ ሳይደግስ አይጣላም።»

እዚያው ቆሞ ስልኩን አወጣና ኮምቦልቻ እናታቸው ጋ ደወለ። ሀጂራ ድምፃቸው ይሰማታል።

«ሽማግሌ መጣ? ማንና ማን ናቸው?»

«ሦስት ሆነው መጡ እማ፤ ሽበታሞች ናቸው። እሺ እስክላቸው ድረስ አንቀመጥም ብለው ቆሙ።»

«አበጁ! ደንብ የሚያውቁ ናቸው!» አሉ እናቲቱ፣ እልልታቸውንም አቀለጡት። እልልታው ከስልኩ ወጥቶ ከካራቫኖቹ ደረሰ። በሩ ላይ የተቀመጠው የመሐለኛው ሽማግሌ ቀና ብሎ አየና እጁን አውለበለበላቸው። ሀጂራም ሳሙና በነካው እጇ መለሰችለት።