ከፍሪጁ ጀርባ

አልጋው ከፍሪጁ ጀርባ ነው። ከቢር ከንጋት ጀምሮ ሲገፋው፣ ሲያዞረው፣ መልሶ ሲገፋው ቆየ። ራስጌውን ወደ ግድግዳው ሲያደርገው ግርጌው ከበቆሎ ዱቄቱ ከረጢቶች ጋር ይላተማል፤ ሲያዞረው ደግሞ የሚተኛው ሰው አፍንጫ ከሳሙናው ካርቶን ጋር ይገጥማል። እስከ ትናንት ድረስ ይህ ሁሉ ምኑም አልነበረም። ዛሬ ግን ሚስቱ ትመጣለች፤ ዓመታት የተኛበት ጥግ በአንድ ጀምበር አስጠላው።

«ተወው በቃ!» አለው አቢሶ፣ በብረት ፍርግርጉ መስኮት ለደንበኛ ዳቦ እያቀበለ። አቢሶ የሱቁ ሸሪክ ነው፤ ማደሪያው ግን በስደት በሚኖሩበት በዚሁ ሰፈር፣ አይቮሪ ፓርክ፣ ካለው ከወንድሙ ሱቅ ነው። ዛሬ ብቻ እዚህ ሊያድር ተስማምቷል፤ ሰው ያላደረበት ሱቅ ጠዋት ባዶውን ነው የሚገኘውና። «ሆቴሉን ይዘሃል አይደል? አልጋውን ነገ ታዞረዋለህ።»

«ነገም ያው አልጋ ነው።»

«ይሁና! ዛሬን እንኳ እንደ ሰው ተቀበላት።»

ሆቴሉ ከከተማው በስተደቡብ፣ ድሮ ወርቅ ይቆፈርበት በነበረ ቦታ ላይ ከተሠራ መጫወቻ ፓርክ ውስጥ ነው። ከቢር ሰው አሳፍሮ አየር ላይ የሚዞረውን ትልቁን መንኮራኩር በታክሲ ሲያልፍ ከሩቅ ያየዋል እንጂ ቀርቦት አያውቅም። ወረርሽኙ እንግዳ ስላሳጣው ዋጋውን መጣሉን ስልኩ ላይ አየና፣ እጁ ከሐሳቡ ቀድሞ አንድ አዳር ያዘ። ከያዘ ወዲህ ግን እንቅልፍ አጥቷል። ሙቅ ውኃ አለው፣ ሰፊ አልጋ አለው፣ ዛሂራ ረጅም መንገድ መጥታ አበባና መብራት ታያለች ይላል አንዱ ልቡ። ሌላው ልቡ ደግሞ፣ ነገ ጠዋትስ ይለዋል።

ኒካው የታሰረው የካቲት ላይ ነበር። ከቢር እዚህ ስኳር ሲመዝን፣ ታላቅ ወንድሙ ወራቤ ላይ በውክልና ተቀምጦ በእሱ ስም «ተቀብያለሁ» አለለት። መጋቢት ላይ ልትመጣ ነበር፤ መጋቢት ላይ የመጣው ግን በሽታው ሆነና ድንበሩም ሰማዩም ተዘጋ። እስከ ጥቅምት ድረስ ትዳራቸው በስልክ ነበር። ቻርጀሩ የሚሰካው ፍሪጁ ራስ ላይ ስለሆነ ስልኩም ኑሮው እዚያው ነው፤ ማታ ማታ እያወሩ ዛሂራን እንቅልፍ ይወስዳታል፣ እሱም ትንፋሿን እየሰማ ሳይዘጋው ይቆያል። ካሜራውን ሁልጊዜ የሚያዞረው ብስኩቱ፣ ዘይቱና ሳሙናው ተሰልፈው ወደሚታዩበት መደርደሪያ ነው። «ሱቅህ ያምራል» ትለዋለች። አልዋሻትም። አልጋው ያለበትን ወገን ማሳየት ብቻ ነው የተወው።

አሁን የሚያስፈራው የመመለሻ ትኬቷ ነው። ለቪዛው ደርሶ መልስ ያስፈልግ ነበር፤ እናቷ ግን ትኬቱን ሲያዩ «አይተሽ ካልሆነልሽ ተመለሺ፣ ማንም አይወቅስሽም» አሏት። ዛሂራ ይህን እየሳቀች ነገረችው። እሱ አልሳቀም። ዛንድስፕሩት በሚባል ሌላ ሰፈር ሱቅ ያለው ጓደኛው ሙሰብ ሚስቱን ከአውሮፕላን ቀጥታ ወደ ሱቁ ወስዷት፣ ከዕቃው መሐል ተቀምጣ ስታለቅስ ሰንብታ በመመለሻ ትኬቷ አገሯ ገብታለች።

ረፋድ ላይ መኪና ሊዋስ መሐል ከተማ፣ እትዬ ጦይባ ዘንድ ሄደ። እትዬ ጦይባ የጅምላ መደብር አላቸው፤ የዛሂራን ቤተሰብ ስለሚያውቁ ጋብቻውን የጀመሩትም እሳቸው ናቸው። ቁልፉን በእጃቸው እንደያዙ ከጭምብላቸው በላይ ገረመሙት።

«ሆቴል?»

«ለአንድ ቀን ነው እትዬ። ትረፍበት ብዬ።»

«ስማኝ ልጄ። ሙሽራ እኮ መጀመሪያ ያደረችበትን ነው ቤቴ ብላ የምትይዘው። ነገ ከዚያ አውጥተህ ሱቅ ስታስገባት ከቤቷ ያባረርካት ነው የሚመስላት። የሙሰብ ሚስት ቤቱ ጠበበኝ ብላ መሰለህ የሄደችው? ሰፊ ነው ተብላ መጥታ ነው።»

«እኔ ሰፊ ነው አላልኳትም።»

«ጠባብ ነውስ ብለሃታል?»

ከቢር አቀረቀረ። እትዬ ጦይባ አንጀታቸው አልችል አለና ቁልፉን ሰጡት። «ለማንኛውም ፊትህን ታጠብ» አሉት፣ «ዱቄት ለብሰሃል።»

በዚያ ሰሞን ተቀባይ ወደ አየር ማረፊያው ውስጥ አይገባም። ከቢር ከደጅ፣ ጭምብል ካጠለቀው ሕዝብ መሐል ቆሞ፣ በስልክ ብቻ የሚያውቀውን ፊት ግማሹን ጨርቅ ሸፍኖት እንዴት እንደሚለየው ይጨነቅ ጀመር። አንዲትን ሴት ሊጠራ አፉን ሲከፍት ከጎኑ ድምፅ ሰማ።

«አሰላሙ ዓለይኩም። እኔ ወዲህ ነኝ።»

ያ ድምፅ ነው፤ ከፍሪጁ ራስ ላይ ሲመጣ የኖረው። ልቀፋት ወይስ እጄን ልስጣት እያለ ሲያወላውል የወራት ልማድ ቀደመውና ክርኑን ዘረጋላት።

ዛሂራ ክርኑን አየችው፤ ቀጥላ እሱን አየችው። «ይህን ሁሉ ወር ጠብቄ ክርንህን ነው የምትሰጠኝ?»

በጭምብሉ ውስጥ ሳቀ። እሷም ሳቀችና እጁን ያዘችው። ባለሱቅ ነውና የመጀመሪያ ስጦታው ሲም ካርድ ነበር፤ የአየር ሰዓቱን ሞልቶ አምጥቶላታል። መኪናው ውስጥ ስልኳ ላይ እያስገባችው «ከእንግዲህ ለማን ልደውል ነው?» አለችው።

ሆቴሉ ገና በር ላይ ሲደርሱ አፍ ያስከፍታል። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ከፕላስቲክ መከለያ ጀርባ ተቀምጣ በትንሿ ቀዳዳ ቁልፉን ስታቀብለው፣ ከቢር ዕድሜውን ሙሉ ከወዲያ በኩል ሆኖ ሲያቀብል ስለኖረ በየት በኩል እንደሚቆም ግራ ገባው። ክፍሉ ውስጥ ምንጣፉ እግር ይውጣል። አልጋው ላይ ፎጣ በአበባ ቅርፅ ታጥፎ ተቀምጧል። መስኮቱ ቁልጭ ያለ መስታወት ነው፤ ከማዶ መንኮራኩሩ ቀስ ብሎ ይዞራል።

ዛሂራ «ማሻ አላህ» አለችና ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠች። ፓስፖርቷና ትኬቷ ያለበትን ቦርሳ ከትከሻዋ አላወረደችም። ከቢር በሩን ቆለፈ፤ መቆለፉን ፈተነ፤ ወደ መስኮቱ ሄዶ ጠርዙን ዳበሰ፤ ተመልሶ በሩን ፈተነ።

«ምን ጠፋብህ?»

«ፍርግርግ የለውም።» ራሱም ሳያስበው ነው ያመለጠው።

«እኔም የሆነ ነገር ጠፍቶብኛል» አለች ዛሂራ፣ ጆሮዋን ወደ ግድግዳው አዘንብላ። «ስናወራ ሁሌ ከኋላህ የሚያጉረመርም ነገር ነበር። እዚህ ጭጭ ነው።»

«እሱ እንኳ ፍሪጁ ነው» አለ ከቢር ቶሎ ብሎ፣ የሆነ ነገር የሰበረ ይመስል። «ሱቁ ሩቅ ነው። ዛሬ እዚህ እንረፍ ብዬ ነው።»

«እሺ» አለች። እሺታዋ ደስታ ይሁን ቅሬታ ሊለየው አልቻለም። በስልክ ቢሆን ያውቀው ነበር፤ ፊቷ ፊቱ ሲሆን ግን ጠፋበት። መንኮራኩሩን እንይ ብሎ ይዟት ወረደ።

ፓርኩ ጭር ብሏል። መንኮራኩሩን የሚያንቀሳቅሰው ወጣት ፊቱን በፕላስቲክ ጋርዶ እጃቸው ላይ ሳኒታይዘር ረጨና አንድ ጥያቄ ጠየቀ። «ሴም ሃውስሆልድ?»

በአራት ቋንቋ የሚከራከረው ከቢር ቆሞ ቀረ።

«ምን አለ?» አለችው ዛሂራ።

«ከአንድ ቤት ናችሁ ወይ ነው የሚለው። በበሽታው ምክንያት አንድ ሳጥን ውስጥ የሚቀመጡት ከአንድ ቤት የመጡ ብቻ ናቸው።»

«ምን ልትለው ነው?»

«አዎ ነዋ። ኒካ አለን።»

«ስለ ኒካ መች ጠየቀ?» አለች፣ በለሆሳስ። «የጠየቀው ስለ ቤት ነው። እኔ ቤቱን መች አየሁት? ገና ነን በለው።»

ከቢር ፊቱ ጋለ። ወጣቱ መልስ ስላጣ በጣቱ እየጠቆመ እሷን አንድ ሳጥን ውስጥ፣ እሱን አንድ ባዶ አልፎ ሌላ ሳጥን ውስጥ አስገባና መንኮራኩሩን ለቀቀው። መሬቱ ራቀ። የወርቅ ቁፋሮው የተወው ቢጫ ኮረብታ፣ አውራ ጎዳናው፣ ከሩቅ የከተማው ፎቆች ታዩ። ከቢር አንዱንም አላየም። ሙሽሪቱን ይዞ ወጥቶ ብቻውን አየር ላይ የተንጠለጠለ ሰው ከእኔ ሌላ ማን አለ ይል ነበር።

ስልኩ ጠራ። ከላይ ካለው ሳጥን ዛሂራ ወደ እሱ ጎንበስ ብላ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ይዛለች።

«ሃሎ» አለች። «አሁን ይሻላል?»

«ይሻላል» አለ፤ ልቡ ባንዴ ቦታው ገባ። ወዲያውም ሳያስበው አወጣው። «ዛሂራ፣ አልጋው ከፍሪጁ ጀርባ ነው። ቤት የሚባል ሌላ የለኝም። ሱቁ ነው ቤቴ።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት?»

«ሲያንኳኩብህ "መጣሁ" ብለህ ሳትጨርስ መስኮቱ ጋ ነህ። ጫማ እንኳ አታደርግም። ሰፊ ቤት ያለው ሰው እንዲህ ፈጥኖ ይደርሳል? ሁሌ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩ።»

«እንዳትሄጂብኝ ፈርቼ ነው።»

«ልሄድም እችላለሁ» አለች፤ ድምፅዋ ጭካኔ አልነበረውም። «ግን በምን ልወስን? ሆቴሉን አይቼ ልቅር? እዚህ እኮ አንተም እንግዳ ነህ። ከእዚያ ሆነህ ስታወራኝ ወደድኩህ፤ እዚያን አሳየኝ።»

መንኮራኩሩ ዞሮ መሬት ሲያደርሳቸው ዕቃዋን ከክፍሉ ይዘው ወጡ። መንገዱን ሙሉ ከቢር በየትራፊክ መብራቱ በዐይኑ ጥግ ቦርሳዋን ያያል፤ ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

አይቮሪ ፓርክ ሲደርሱ ጀምበር ጠልቃ ነበር። አቢሶ በሩን ከፍቶ በድንጋጤ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየ። ከቢር የሆቴሉንና የመኪናውን ቁልፍ እጁ ላይ አኖረለት።

«ሂድና ተኛበት። ቁርስም አለው።»

«እኔ? ብቻዬን?»

«ይፈቀዳል። መንኮራኩሩ ላይም ብቻህን ያስቀምጡሃል።»

አቢሶ እንኳን ደህና መጣሽ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለዛሂራ ጎንበስ አለና፣ የእውነት መሆኑን እያመነ እየተጠራጠረ ሄደ።

ዛሂራ ጫማዋንና ጭምብሏን አውልቃ ገባች። በስልክ የምታውቀውን መደርደሪያ አልፋ፣ በዱቄቱ ከረጢቶች መሐል ሾልካ አልጋው ጋ ደረሰች። ተቀመጠች። መዳፏን የፍሪጁ ጎን ላይ አሳረፈች።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

ዐይኗን ጨፍና ቆየች። ከቢር ከንፈሯን፣ ግንባሯን፣ ጣቶቿን እያየ መልስ ፈለገ።

«ጠባብ ነው» አለ በመጨረሻ።

«ጠባብ ነው» አለች። «በጣም ጠባብ ነው፣ ከቢር።»

በዚያው ቅጽበት መብራት ጠፋ። ፍሪጁ ተንቀጠቀጠና ዝም አለ። ከቢር በጨለማው ውስጥ ቆመ፤ ከዚህ የባሰ አቀባበል አልታየውም። ከበር ወዲያ ሰፈሩ ሁሉ አንዴ «ኧረ!» ብሎ ሲያጉረመርም ተሰማ።

«አሁን ሻማ ፈላጊ ይመጣል» አለች ዛሂራ።

«እ?»

«ፍሪጁ ዝም ባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጡት ሴትዮ ናቸው። ከዚያ አንተ ከአልጋው ሥር የሻማ ቆርቆሮ ትጎትታለህ።»

ነገሯን ሳትጨርስ ሳንቲም ፍርግርጉን መታው። «ማይ ፍሬንድ!» ጎረቤቷ አሮጊት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ፣ አያቴ፣ የሚላቸው። ከቢር «መጣሁ» ብሎ ሳይጨርስ መስኮቱ ጋ ነበር፤ ከኋላው ጨርቅ ሲንኮሻኮሽ፣ ቀጥሎም ቆርቆሮው ሲሚንቶው ላይ ሲጎተት ሰማ። የዛሂራ እጅ በጨለማው ውስጥ ክንዱን ዳብሶ መዳፉን አገኘና ሻማ አስያዘው።

«ሌላ ይጨምሩ እንደሆነ ጠይቃቸው» አለችው።

ጎጎ የሴት ድምፅ ሰምተው ፊታቸውን ወደ ፍርግርጉ አስጠጉ። ማን ነች እሷ ብለው በራሳቸው ቋንቋ ጠየቁት። ከቢር አፉን ከፈተ፤ የመጣለት ያ የመንኮራኩሩ ቃል ብቻ ሆነ።

«ሴም ሃውስሆልድ፣ ጎጎ።»

አሮጊቷ ከልባቸው ሳቁ፤ ሚስቴ ማለት አቃተህ እንዴ እያሉ ሻማቸውን ይዘው ሄዱ። ዛሂራ ግን ቃሉን ታውቀዋለች። ክብሪት ስትጭር ፊቷ ከጨለማው ወጣ፤ ሻማውን ለኩሳ ፍሪጁ ራስ ላይ፣ ስልኩ ከሚቀመጥበት ቦታ አቆመችው።

ከቢር ዞሮ ሲመለከት ከአልጋው በላይ፣ ጃኬቱን የሚሰቅልበት ምስማር ላይ ቦርሳዋ ተንጠልጥሏል። መቼ እንደሰቀለችው አላየም።