ያልጠቆረችው ክብ

ኦሪን ስቬም የቦቴውን ቱቦ ከላይል ፕሩት የወተት ጋን ጋር ገጥሞ ፓምፑን እንዳስነሳ፣ ላይል ከበረቱ በር ላይ ሆኖ አጨበጨበ።

"እሰይ! የኮንግረስ አባሏ ወንድም ራሱ ወተት ሊጭንልን መጣ! ጠባቂዎችህን የት ጥለሃቸው ነው?"

"ከላሞችህ መሃል ተደብቀዋል" አለ ኦሪን ፊቱን ሳያዞር።

"እኔ እንኳ አልመረጥኳትም፤ በኋላ ከሰው ከምትሰማው ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ። የማሪትን ስም ባነሱ ቁጥር ዓመት ሙሉ ስትተፋ አይቼሃለሁ።"

ላይል ሳቀ። ኦሪን ግን አልሳቀም። በፕሬዝዳንቱ ዘመን አጋማሽ የሚካሄደው ምርጫ በተደረገ ማግስት፣ ረቡዕ ጠዋት ነበር። ሬዲዮው ከንጋት ጀምሮ ያንኑ እየደጋገመ ነው። የዊስኮንሲን አገረ ገዥነት በጠባብ ልዩነት ከማሪት ፓርቲ እጅ ወጥቷል። የሴኔቱ ወንበር ገና እየተቆጠረ ነው። በምዕራቡ ኮረብታማ አውራጃ ግን ያልተጠበቀ ነገር ሆነ፤ የኦሪን እህት፣ ጠበቃዋ ማሪት ስቬም በሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ድምፅ በልጣ ኮንግረስ ገባች። የትውልድ መንደሯ ሶልቢ ብቻ እንደ ባዕድ ቆጠራት፤ ለእሷ ሰባ አንድ፣ ለተፎካካሪዋ መቶ አርባ ሁለት።

የላይል ሚስት በርኒስ ባልዲ አንጠልጥላ መጣች። እሷ ቀልድ አላማራትም።

"ዛሬም ያንን የማሪትን ማስታወቂያ አሳዩት" አለች። "ካሸነፈች በኋላም! ኦሪን፣ እኔ ሾርባ ይዤ ስመጣ በር ይከፍትልኝ የነበረው ማን ነው? ማሪት ነበረች?"

"በርኒስ፣ ተይኝ።"

"ሁለት ወር ሙሉ ተውኩህ። እጅህ እስኪላጥ አንሶላ ስታጥብ በዓይኔ አይቻለሁ። አፍህን ምን ለጎመው?"

ኦሪን ወደ ጋኑ ዞረ። ናሙናውን በብልቃጥ ቀዳ፣ የወተቱን ሙቀት ለክቶ መዘገበ፣ ቱቦውን ጠቀለለና ሄደ።

ማስታወቂያው ግማሽ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ማሪት የወላጆቻቸው ቤት በረንዳ ላይ ቆማ እንዲህ ትላለች፦ "እናቴ አይዴላ እዚህ ቤት አሥራ አንድ ወር ታመመች። ኢንሹራንሱ አልከፍልም አለ። እኔ አጠብኳት፤ እኔ አጎረስኳት፤ በእጄ ላይ አረፈች።" ኢንሹራንሱ አለመክፈሉ እውነት ነው። አሥራ አንዱም ወር እውነት ነው። የቀረው ሁሉ የኦሪን ነው። በቀን ሁለቴ ላም ማለብና በየሁለት ሰዓቱ እናትን ማገላበጥ ለአንድ ሰው አልሆን ስላለው አርባ ስድስት ላሞቹን የሸጠው እሱ ነው። ዛሬ የሰው ወተት በሰው ቦቴ የሚያመላልሰውም ለዚሁ ነው። ማሪት የሦስት ሰዓት መንገድ ርቃ ማዲሰን ከተማ ጥብቅና ላይ ነበረች። ማስታወቂያውን የቀረጸችው እሱ ሥራ ላይ በዋለበት ቀን ነው፤ መጀመሪያ በቴሌቪዥን ያየው ነዳጅ ማደያው ምግብ ቤት ውስጥ እንቁላል እየበላ ሳለ ነበር። ሹካውን አስቀምጦ ወጣ።

ከሳምንት በኋላ ከተፎካካሪዋ ወገን አንድ ትሁት ሰው መቅረጸ ድምፅ ይዞ ደጁን አንኳኳ። "ያለውን ብቻ ይንገሩን" አለው። ኦሪን "የቤቴን ገበና ለእናንተ አላሰጣም" ብሎ መለሰው። ያን ቀን ትክክል የሠራ መስሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ማስታወቂያው በወጣ ቁጥር ተነስቶ ቴሌቪዥኑን ያጠፋል።

ቀጣዩ እርሻ የትሬቨር ነው። ትሬቨር ከሁለት ዓመት በፊት ከኢሊኖይ መጥቶ የሰፈረ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ የዋህ ገበሬ ነው። ኦሪንን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ።

"እንኳን ደስ አለዎት! እኔና ባለቤቴ እህትዎን ነው የመረጥነው። እውነቱን ልንገርዎት? ፖለቲካው አይገባኝም። ግን እናቷን እንደዚያ ያስታመመች ሰው አትዋሽም አልን።"

ኦሪን ከጋኑ ጋር የገጠመውን ቱቦ አንገት ጨበጠ።

"እርስዎ ያኔ እዚህ አልነበሩም?" አለ ትሬቨር። "ሩቅ አገር ነበሩ? ማለቴ፣ ሁሉንም ብቻዋን ስትሠራ ከብዷት ይሆናል ብዬ ነው።"

ኦሪን ቱቦውን መነጨቀው። የጋኑን መዝጊያ አልዘጋም ነበር። ወተቱ እንደ ምንጭ ፈልቆ ጫማውን፣ ሱሪውን፣ የሲሚንቶውን ወለል አለበሰው። ቦቴ በነዳባቸው ስድስት ዓመታት አንዴም ሠርቶት የማያውቅ ስህተት ነው። ትሬቨር ሮጦ ዘጋው።

"ምን ሆኑ? ክፉ ነገር ተናገርኩ?"

"አንተ ምንም አላጠፋህም" አለ ኦሪን። "የነገሩህን አመንክ። የፈሰሰውን በእኔ አስይዘው።"

መኪናው ውስጥ ሲገባ ስልኩ ጮኸ። ከማሪት ዘመቻ ሠራተኞች አንዷ ነበረች።

"ሚስተር ስቬም፣ መልካም ዜና አለን! ቴሌቪዥን ጣቢያው የምስጋና ንግግሯን ከቤተሰብ ቤት በረንዳ ላይ ሊቀርጽ ነው። እርስዎም አጠገቧ ቢቆሙ ደስ ይላታል።"

"ቤቱ የኔ ነው። አልፈቀድኩም።"

"እ… እኛ እኮ ደርሰናል።"

ቤቱ ከወተት ፋብሪካው መንገድ ብዙ አይርቅም። ቦቴው ገና ሙሉ ባይሆንም ኦሪን መሪውን ወደዚያ ጠመዘዘ። ሲደርስ ግቢው ውስጥ ሁለት መኪና ቆሟል። አንድ ካሜራ የተሸከመ ሰው የእናቱን የጽጌረዳ አጥር ረግጦ ብርሃን ይለካል። ጋዜጠኛዋ ማይክሮፎኗን ትሞክራለች። ኦሪን ማንንም ሳያናግር በጓሮ በር ገባ።

ማሪት ወጥ ቤት ቆማ ነበር። ኮቷ አዲስ ነው፤ ዓይኗ ግን እንቅልፍ ያላየ ይመስላል። ኃምሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ እሱ በሰባት ዓመት ይበልጣታል።

"እንኳን ደስ አለሽ አትለኝም?"

"እንኳን ደስ አለሽ። ሰዎችሽን ከግቢዬ አስወጪልኝ።"

"አሥር ደቂቃ ብቻ ነው ኦሪን።"

"የግማሽ ደቂቃሽ ይበቃኛል።"

ፊቷ ቀላ። ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ የየጣቢያው ውጤት ነው። አንዱን መስመር በጣቷ ያዘች።

"ሶልቢ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ድምፅ ሰጠ። ለአገረ ገዥ ሁለት መቶ አሥራ አራት። ለሴኔት ሁለት መቶ አሥራ አራት። ለሸሪፍ እንኳ ሁለት መቶ አሥራ አራት! ለኮንግረስ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት። አንድ ሰው በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የሁሉንም ክብ አጥቁሮ እኔ ጋ ሲደርስ ዘሎኛል። ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

እንዲህ ቶሎ ያምናል ብላ አልጠበቀችም።

"አምስት ወረዳ ተሸንፌአለሁ" አለች ቀስ ብላ። "አልከፋኝም። ጠዋት ይቺን አንዷን ሳይ ግን ድሉ ሁሉ አፌ ላይ መረረ። እንደሱ ከምታደርግ ሰውየውን ብትመርጠው ይሻል ነበር።"

"በእናቴ ልጅ ላይ እጄን አላነሳም። ስምሽ ጋ ስደርስ ደግሞ እስክሪብቶው አልሄድ አለኝ። ምን ላድርግ?"

"'እኛ' ብዬ ነበር የጻፍኩት" አለች። "እኛ አጠብናት፣ እኛ አጎረስናት። ማስታወቂያውን የሠራው ሰውዬ ነው የለወጠው። 'እኛ' ስትዪ ሕዝቡ ማንን እንደሚመርጥ ግራ ይገባዋል አለኝ።"

"አንቺስ ምን አልሽው?"

ማሪት ወደ መስኮቱ አየች። "ካሜራው ፊት ቆሜ አነበብኩት።"

"'እኛ'ም ብትይ ውሸት ነበር።"

"ውሸት?" ድንገት ጮኸች። "የመድኃኒቱን ግማሽ ማን ከፈለ? ያንን ኩባንያ ፍርድ ቤት ማን አቆመው? እሁድ እሁድ አንድም ሳላጓድል ማን ነበር የሚደውልላት? ደግሞስ እማዬ ራሷ 'አትምጪ፣ ሥራሽን ሥሪ' አላለችኝም?"

"ብላሻለች። ከዚያ ስልኩን ዘግታ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እራቷን አትበላም። ያንን ያየሁት እኔ ነኝ።"

ማሪት እጇን ከወረቀቱ ላይ አነሳች። ኦሪን ግን አንዴ ተከፍቷል፤ እንደ ትሬቨር ጋን መዝጊያው አልዘጋ አለው።

"ዛሬ አንድ ልጅ ጠየቀኝ። 'እናትህ ስትታመም ሩቅ አገር ነበርክ ወይ?' አለኝ። ሰምተሻል? እኔን! ከክፉ አንደበት አልነበረም፤ ካንቺ ሰምቶ ነው። ነገ አገሩ በሙሉ እናቱን ለእህቱ ጥሎ የጠፋ ሰው ብሎ ይቀብረኛል።"

"ኢንሹራንስን እንዲከፍል የሚያስገድደው ሕግ ቢወጣ ስንት እናት እንደምትድን አስበሃል? በዚህ ነው ያሸነፍኩት ኦሪን! ያለ እማዬ ታሪክ አላሸንፍም ነበር!"

"ይሆናል። ሕጉም ጥሩ ይሆናል። እኔ ግን አርባ ስድስት ላም የሸጥኩት ላንቺ ማስታወቂያ አይደለም።"

በሩ ተንኳኳ። ቀደም ሲል የደወለችው የዘመቻዋ ልጅ አንገቷን አስገብታ "ብርሃኑ እየሸሸን ነው" አለች። ማሪት ወረቀቱን አጣጠፈች።

"ዛሬ 'እኛ' እላለሁ። ቃሌ ነው። አጠገቤ ቁም።"

"አልቆምም። 'እኛ'ም አትበይ።"

በጓሮ በር ወጣ። ወተቱ ሳይዘገይ ፋብሪካ መድረስ አለበት። አንድ እግሩን የመኪናው መወጣጫ ላይ አድርጎ የእጀታውን ብረት እንደያዘ ድምፅዋን ሰማ። ጥሩ ድምፅ ነው ያላት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ንባብ ሲኖር የሚያስነሱት እሷን ነበር።

"…ለዚህ ነው ዛሬ እዚህ የመጣሁት" ትላለች። "እኔና ወንድሜ ኦሪን እናታችንን በየተራ ያስታመምነው እዚህ ቤት ውስጥ ነው…"

በየተራ።

እግሩን አወረደ። ወተት በደረቀበት ጫማው ሣሩን አቋርጦ በረንዳው ፊት ቆመ። ጋዜጠኛዋ ዞር አለችና የሰባ አጋዘን እንዳየ አዳኝ ዓይኗ በራ።

"ወንድሟ ነዎት? የሚሉት አለ?"

"አለኝ" አለ ኦሪን። "በየተራ የሚባል ነገር አልነበረም። እናቴን ያጠብኳት እኔ ነኝ። ያጎረስኳትም፣ ዓይኗን የከደንኩትም እኔ ነኝ። ማሪት የመጣችው ሁለት ጊዜ ነው። ሁለተኛው ለቀብር ነው።"

የዘመቻዋ ልጅ ወደ ካሜራው ሮጣ እጇን ዘረጋች፦ "ይሄ አይወጣም! ይሄ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ አጥፉት!"

"ተዪው" አለች ማሪት።

የበረንዳውን እንጨት በሁለት እጇ ይዛለች። ቁልቁል ወንድሟን አየችው፤ ከዚያ ወደ ማይክሮፎኑ ተመለሰች።

"ልክ ነው" አለች። "ማስታወቂያው ላይ የተናገርኩት የሱን ነው። እኔ አልነበርኩም።"

ጋዜጠኛዋ ጥያቄ ጀመረች፤ ማሪት ግን አልሰማቻትም። ካሜራ ወደ ተሸከመው ሰው ዞራ "ቆርጠህ እንዳታስቀረው" አለችው።

ኦሪን ልቡ ይቀልለው እንደሆነ ጠበቀ። አልቀለለውም። ሕዝቡ ትናንት ድምፁን ሰጥቶ ጨርሷል፤ እውነቱ የመጣው ዛሬ ነው። ትናንት ይህን ቃል ተናግራ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ክቧን በገዛ እጁ አጥቁሮላት ነበር። አሁን ምን ይሠራል? ንዴቱ እንዳለ ነው። ጀርባውን ሰጥቷት ሄደ፤ መኪናው ላይ ወጥቶ ሞተሩን አስነሳ።

ማሪት ተረከዘ ረጅም ጫማዋ አፈሩ ውስጥ እየሰመጠ ተከተለችው። የዘመቻዋ ልጅ ከኋላዋ ትጣራለች። ማሪት የመኪናውን በር በመዳፏ መታች። ኦሪን መስኮቱን እስከ ግማሽ ዝቅ አደረገ።

"እሁድ እመጣለሁ" አለች፤ ታለከልካለች።

"እሁድ ሥራ አለኝ።"

"ሰኞስ?"

"ሰኞም አለኝ።"

"እሺ መቼ ልምጣ? ንገረኝ!"

ማርሹን አስገባ። በመስታወቱ ውስጥ ካሜራው አሁንም ወደ እነሱ እንደዞረ ያያል። መስኮቱን ወደ ላይ መመለስ ጀምሮ ነበር፤ አንድ ጣት ያህል ሲቀረው ግን አቆመው።

"በፈለግሽ ቀን ነይ" አላት። "ግን ብቻሽን።"