የብርድ ልብሱ ጠርዝ

«ለመጋረጃ ነው የሚለኩት?» አለ የኬላው አዛዥ፣ በሩን ተደግፎ። «መዝገቡ አሥራ አንድ ይላል፣ ክፍሉ ውስጥ ያሉትም አሥራ አንድ ናቸው። ከዚህ ወዲያ ምን ላምጣልዎ?»

«የሁለት ወሩ መዝገብ በሙሉ አሥራ አንድ ይላል» አለች ተቆጣጣሪዋ፣ ሜትሯን እየጠቀለለች። «ድንበር ላይ በየቀኑ እኩል ሰው ነው የሚይዙት?»

«ዕድላችን ነው።»

ለአሥራ ሁለት ሰው በተሠራው በዚህ ክፍል ከሠላሳ በላይ ይታጎራሉ የሚል አቤቱታ ለመሥሪያ ቤቷ ደርሷል። ዛሬ ማስረጃ ካላገኘች ዶሴው ይዘጋል። ደንብ ነውና መምጣቷን ከሁለት ቀን በፊት በደብዳቤ ያሳወቀችው ራሷ ነበረች።

አዛዡ ስልክ ሊያነሳ ወጣ ሲል፣ ጥግ የተጋደሙት ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ብርድ ልብሳቸውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

«ልጄ፣ ጠርዙን እስቲ እዪው።»

ጠርዙ ላይ ከኮታቸው ገበር በተመዘዘ ክር የተሰፋ ነገር መስመር በመስመር ተደርድሯል።

«አንዱ መስመር አንድ ጠዋት ነው። አንዱ ስፌት አንድ ሰው። ጥቁሩ ወንድ፣ ነጩ ሴት። አጫጭሮቹ ልጆች ናቸው።»

ቆጠረች። የትናንቱ ሠላሳ አራት፤ የዛሬው አሥራ አንድ። አርባ ሰባት መስመር በጣቷ ዳሰሰች። በሽቦ መርፌ፣ በጭላንጭል ብርሃን ተሰፍቶ አንዲት ስፌት እንኳ አልጎበጠችም። በሥራ ዘመኗ ያልተሰረዘ፣ ያልተደለዘ መዝገብ ያየችው ገና አሁን ነው። መቼ እንደተንበረከከች አታውቅም።

«አባባ፣ ሃያ ሦስቱስ?» አለች በሹክሹክታ።

«ከጓሮ፣ ሸራ የለበሰው መኪና ላይ። ማለዳ ጫኗቸው።»

«እርስዎን ለምን ተዉዎት?»

«እኔማ ተፈትቻለሁ። ወረቀቱ ከትናንት ጀምሮ ኪሴ ነው። ወገቤን ብዬ ተኛሁ እንጂ፣ ይህን ለማን ጥዬ እሄዳለሁ?»

ብርድ ልብሱን ታቅፋ ወጣች። አዛዡ ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ ተከተላት።

«ወዴት ነው?»

«መጋረጃ ልገልጥ።»

ጓሮ የቆመውን መኪና ሸራ ገለጠችው። የታጎሩት ሰዎች ከብርሃኑ ዓይናቸውን እየከለሉ አንድ በአንድ ወረዱ። እሷ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ስፌት እየነካች ድምፅ አውጥታ ቆጠረች። ጠባቂዎቹም ሳይታወቃቸው ከንፈራቸው አብሯት ይቆጥር ነበር። ሃያ አንድ። ሃያ ሁለት። መጨረሻ ላይ በእናቷ ጀርባ የታዘለች ሕፃን፤ አጭሯ ስፌት።

በዋናው በር በኩል ልብስ ሰፊው ወረቀታቸውን ዘረጉ። በረኛው ዓይኑን ከመኪናው ሳይነቅል መቀርቀሪያውን ሳበ። ገበሩ ያለቀ ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ የመንገዱን ዳር ይዘው ሄዱ።