የአባባን ቦታ በሬዲዮ የተናገርኩ ቀን

አባባ ደህና ነው! መጀመሪያ ይሄን ልበልና ልተንፍስ። ደህና ነው፣ ቁርጭምጭሚቱ ብቻ እንደ ዳቦ ተነፍቷል። አሁን ከመኪናው ጎን በተወጠረው ሸራ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰው ይሰድባል፣ እኔ ደግሞ ስድቡን በሰማሁ ቁጥር ሳቅም ልቅሶም አንድ ላይ ይመጣብኛል። እሺ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ ካልነገርኩ እፈነዳለሁ!

አባባ የእናቴ አባት ነው፣ ስሙ ኔቪል። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ከሊኖራ ከተማ በላይ ባለው ቀይ በረሃ ወርቅ ሲፈልግ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል፣ ትምህርት ሲዘጋ እኔንም ይዞኝ ይወጣል። በጥንቃቄ አቻ የለውም! ሁለት መቶ ሊትር ውሃ ሳይጭን ሞተር አያስነሳም። "ናፍጣ ቢያልቅብሽ ትቀመጫለሽ፣ ውሃ ቢያልቅብሽ ትቀበሪያለሽ" ይላል። ጫማውን ሳያራግፍ አያጠልቅም። አንድ ነገር ላይ ብቻ ግን ጤና የለውም። ቦታ አይናገርም። ወርቅ ፈላጊ ሁሉ እንደዚያ ነው፣ የሱ ግን ባሰ። ጂፒኤሱን እንኳን መኪና ውስጥ ትቶት ነው የሚሄደው። ለምን መሰላችሁ? "የረገጥኩትን ሁሉ ይመዘግባል፣ ነገ ሌባ እጅ ቢገባስ?" ጉድ እኮ ነው!

ስንነሳ ለእናቴ ምን እንዳላት ልንገራችሁ? "ከሜንዚስ በስተምሥራቅ ነው የምንሰፍረው።" ሜንዚስ! ካለንበት መቶ ሃምሳ ኪሎሜትር ይርቃል! ለገዛ ልጁ!

"አባባ፣ እማዬን እኮ ነው የዋሸኻት" አልኩት።

"እናትሽ ለእህቷ ትነግራለች። እህቷ ለባሏ። ባሏ ደግሞ መጠጥ ቤት ይወዳል። አንቺው ቁጠሪው።"

እኔንም ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ።

ከሰው ሁሉ አብልጦ የሚፈራው እትዬ ግሌኒስን ነው። እትዬ ግሌኒስና ባላቸው ጋሽ ኬልቪን ጡረታ ወጥተው ወርቅ የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። አባባን ከጠየቃችሁት ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሥራቸው እሱን መከተል ነው። ትናንት ከሰዓት በመኪናው ሬዲዮ ላይ እትዬ ግሌኒስ "ኬልቪን፣ ብስኩቱን የት ከተትከው?" ሲሉ ሰማን። አባባ ክው አለ። ወደኔ ተጠግቶ በሹክሹክታ፣ "ቅርብ ናቸው። እንዳትተነፍሺ" አለኝ። ሬዲዮ እኮ ነው! ካልተጫኑት አይሰማም! እሱ ግን እራቱን ራሱ ድምፅ ሳያሰማ ነው ያኘከው።

ዛሬ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ወጣ። መሬት ውስጥ ያለ ወርቅ የሚጠቁመውን ማሽን አነገተ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ፣ ሁለት ሊትር ውሃ ጀርባው ላይ፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ፣ ሰንሰለቱን ቀበቶው ላይ። ሰንሰለቱ ከኋላው መሬት ለመሬት ይጎተታል፤ አፈሩ ላይ መስመር ስለሚተው አንዴ የፈተሸውን ቦታ ደግሞ አይፈትሸውም። "ሦስት ሰዓት ላይ ቁርስ። እንቁላሉን እንዳታሳርሪው" አለኝና ሄደ።

ሦስት ሰዓት ሆነ። እንቁላሉን አሳረርኩት። አባባ የለም።

ወርቅ አግኝቶ ነው አልኩ። ሦስት ተኩል ሲሆን እንደ ስምምነታችን ክላክስ ማድረግ ጀመርኩ፤ በየአሥር ደቂቃው ሦስት ሦስት ጊዜ። አራት ሰዓት። ሙቀቱ ሠላሳ ስምንት ገባ። ዝንቦቹ እንኳን ጥላ ፈልገው እኔ ጋ መጡ። ሁለት ሊትር ውሃ በዚህ ፀሐይ ስንት ሰዓት እንደሚያቆይ ማሰብ ጀመርኩ፣ አላሰብኩ ብል ይሻለኝ ነበር። እግሬ ሂጂ ሂጂ አለኝ። ግን አባባ ይሄንንም አስምሎኛል። "እኔ ከጠፋሁ አንድ ሰው ጠፋ ማለት ነው። ልትፈልጊኝ ከወጣሽ ሁለት። ከመኪናው ንቅንቅ እንዳትዪ።"

የድረሱልኝ ቁልፍ አለን፣ ሲጫኑት በሳተላይት ለነፍስ አድን ሰዎች የሚናገር። የት ነበር? መኪናው መስታወት ላይ ተንጠልጥሎ! እሱ ጋ መሆን ሲገባው! ብጫነው ይመጣሉ፣ ግን ከስንት አገር ነው የሚመጡት፣ ሰዓታት ይፈጃል። ስልክ እዚህ አይሠራም፣ ቢሠራም እማዬ ፖሊሶቹን የምትልከው ሜንዚስ ነው! የቀረኝ ሬዲዮው ነበር። በዙሪያው ያለ ወርቅ ፈላጊ ሁሉ የሚሰማው ሬዲዮ።

ቢመጣና "ምነው ልጄ፣ እየቆፈርኩ እኮ ነበር" ቢለኝስ? ዕድሜ ልኩን አያናግረኝም! ከዚያ ደግሞ፣ ባይመጣስ? አልኩ። ያኔ ጣቴ ራሱ ሄዶ ተጫነው።

"ሰላም፣ የሚሰማኝ ሰው ካለ... አያቴ ጠፍቶብኛል። በእግሩ ነው የወጣው። ሦስት ሰዓት ላይ እመለሳለሁ ብሎ ነበር። እባካችሁ።"

ሽሽሽ ብቻ። ከዚያ፣

"ልጄ፣ ማን ነሽ አንቺ?" እትዬ ግሌኒስ!

"ታርኒ ነኝ። የኔቪል የልጅ ልጅ።"

"የኔቪል? ሜንዚስ ነኝ ብሎን የለ እንዴ?"

"ዋሽቶ ነው።"

"እሱማ ዋሽቶ ነው፣ መች አጣሁት! አሁን የት ናችሁ?"

ዓይኔን ጨፈንኩና ለፈለፍኩት። "ከተሰበረው የነፋስ ውሃ መሳቢያ ወደ ሰሜን፣ ሽቦ አጥሩን ይዛችሁ ሰባት ኪሎሜትር፣ ደረቁን ወንዝ ስትሻገሩ በስተግራ፣ ነጩ ድንጋይ የፈሰሰበት ኮረብታ ሥር!"

ወዲያው አንድ የማላውቀው ሰውዬ ገባ። "ይቅርታ፣ ወንዙን ተሻግሮ በስተየት ነው ያልሽው?"

"አንተ ደግሞ ማነህ?" ጮኹበት እትዬ ግሌኒስ። "ሰው ልትፈልግ ከሆነ ና፣ ወርቅ ልትፈልግ ከሆነ ምላስህን ሰብስብ!" ሰውዬው እልም አለ። "ታርኒ፣ ከጥላው እንዳትወጪ። ውሃ ጠጪ። ሃያ ደቂቃ።"

መኪናቸው ከሩቅ ይሰማል፣ ሞተሩ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያስላል። እትዬ ግሌኒስ አጭር ናቸው፣ ባርኔጣቸው ከሳቸው ይበልጣል። ጋሽ ኬልቪን ደግሞ ረጅምና ዝምተኛ፤ ምንም ሳይሉ ብስኩት አቀበሉኝ። ሴትየዋ እቅፍ የለ፣ አይዞሽ የለ፣ ከመኪናው ሳይወርዱ "ሰንሰለት ይጎትታል አይደል?" አሉኝ።

"አዎ።"

"እግዜር ይስጠው። ያንን ቁልፍ ያዢው። እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ ካላገኘነው እንጫነዋለን፣ ኩራት ብሎ ነገር የለም።"

ምናልባት በራሱ ከመጣ ብለው የምንሄድበትን አቅጣጫና ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጽፈው ጠረጴዛው ላይ ድንጋይ ጫኑበት። ከዚያ እኔና እሳቸው በእግር፣ ጋሽ ኬልቪን በመኪና ቀስ እያሉ ከኋላ።

ሦስት ቀን ሙሉ ስለጎተተው ግን የሰንሰለቱ መስመር አንድ ብቻ አይደለም፣ መሬቱ ሁሉ ተጫጭሯል። እትዬ ግሌኒስ ግን አጎንብሰው እንደ ጋዜጣ ማንበብ ጀመሩ። "ይሄኛውን ጉንዳን መንገድ አድርጎታል፣ የቆየ ነው። ይሄኛው ጠርዙን ንፋስ በልቶታል፣ የትናንት። ይሄ ግን፣ እይው፣ እንደ ምላጭ ነው። ያ ቀበሮ አያትሽ ዛሬ ያለፈው በዚህ ነው።"

ሄድን። መስመሩ እንደሚታረስ ማሳ ወዲያ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ወዲያ ይሄዳል። "የቆፈረውን መልሶ ደፍኖታል፣ ጨዋ ነው" ይላሉ እሳቸው በየመሀሉ። ሁለት ኪሎሜትር ያህል እንደሄድን መስመሩ ማጠፍ ተወና ቀጥ አለ። ቀጥ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ... ጉድጓድ። የድሮ ሰዎች ወርቅ ያወጡበት ጉድጓድ፣ አጥር የለው፣ ምልክት የለው፣ ጥቁር አፉን ከፍቶ። መስመሩ ወደሱ።

"አባባ!"

ልሮጥ ስል እትዬ ግሌኒስ ሸሚዜን ከኋላ ጨመደዱት። "ቁሚ! ጠርዙ ይናዳል። አንዲት እርምጃ እንዳትጨምሪ።"

እሳቸው በሩቁ ዞረው ጎንበስ ብለው አዩ። አዩ። አሁንም አዩ።

"ታጥፏል" አሉ።

"ምን?"

"መስመሩ ነዋ! ስድስት ሜትር ሲቀረው ታጥፎ ሄዷል። አያትሽ ውሸታም ነው እንጂ ዕውር አይደለም።"

እዚያው መሬት ላይ ዘጭ አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም፣ ቀዩን አፈር በሁለት እጄ ጨብጬ ሳቅኩ። "ተነሺ፣ ተነሺ፣ ገና አላገኘነውም" አሉኝ፣ የሳቸውም ድምፅ ግን ልክ አልነበረም።

ትንሽ ሄድ እንዳልን መስመሩ አለቀ። ሰንሰለቱ መሬት ላይ ወድቋል። አጠገቡ በግማሽ የተደፈነ ጉድጓድ፣ ዶማው፣ ማሽኑ። ሰው የለም። ጋሽ ኬልቪን ሞተሩን አጠፉ። "አባባ!" ብዬ ጮኽኩ።

ከአንዱ ቁጥቋጦ ሥር ቀስ ብሎ ባርኔጣ ወጣ። ከዚያ ጣት። ጣቱ ከንፈሩ ላይ ነው።

"እሽሽሽ!" አለኝ አባባ። "ሄዱ?"

"እነማን?"

"ግሌኒስና ያ ባሏ! መኪናቸውን ሰማሁት እኮ።"

"አልሄድንም" አሉ እትዬ ግሌኒስ ከኋላዬ።

ፊቱን ባያችሁት! እኔ ግን ላዩ ላይ ወደቅኩበት። ላብ ላብ ይሸታል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ኮዳው ውስጥ አንድ ጉንጭ ውሃ ቀርታለች፣ ግን አለ፣ ይሞቃል፣ ይነጫነጫል! የአርጃኖ ጉድጓድ ውስጥ እግሩ ገብቶ ቁርጭምጭሚቱ ተጠምዝዞ ነው። እንደ ሕጉ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ፣ ውሃውን እየቆጠበ ፊሽካ ሲነፋ ነበር። ክላክሴን ሰምቶታል፣ ፊሽካው ግን እኔ ጋ አይደርስም።

"ታዲያ መኪናው ሲቀርብልህ ለምን አልነፋህም?" አልኩት።

"የግሌኒስ መኪና ነዋ! ያን የሚያስል ሞተር የት አጣዋለሁ?"

"ሰውዬ፣ ደርቀህ ልትሞት ነበር እኮ!" አሉ እትዬ ግሌኒስ።

"ትሄዳላችሁ ብዬ ነዋ።"

ጋሽ ኬልቪን ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ፊታቸውን አዞሩ። እትዬ ግሌኒስ ግን አባባን ትኩር ብለው አዩት። "ጉንጭህ ምን ሆነ?"

"ጥርሴን አሞኝ ነው።"

"ኔቪል።"

"አብጦ ነው ስልሽ።"

"ኔቪል፣ ትፋው።"

ተፋው! መዳፉ ላይ! ባቄላ የምታክል ወርቅ፣ በምራቅ ተለውሳ፣ ቢጫ ብላ። እኛ ስንፈልገው እሱ አፉ ውስጥ ሲደብቅ! እትዬ ግሌኒስ ባርኔጣቸው እስኪወድቅ ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ፣ አባባም ላለመሳቅ ታግሎ ተሸነፈ። ከዚያ ድንገት ኮስተር አለ።

"ቦታውን ማን ነገራችሁ?"

"እኔ ነኝ" አልኩ። "በሬዲዮ።"

"በሬዲዮ? ስንት ሰው ሰማ?"

"እንጃ። አንድ ሰውዬ እንዲያውም ድገሚልኝ ብሎኛል።"

ዓይኑን ጨፈነ። "ደገምሽለት?"

"አልደገምኩም።"

"እሱስ ደህና" አለ። ከዚያ እጄን ያዘኝ፣ እስከ ሰፈራችን ድረስም አልለቀቀኝም፣ መኪናው ውስጥ ጣቶቼ እስኪደነዝዙ!

ጋሽ ኬልቪን እግሩን ጠቅልለው "አልተሰበረም፣ ይመስለኛል" አሉ፣ ቀኑን ሙሉ የተናገሩት ይሄን ብቻ ነው። ያም ሆነ ይህ ነገ ጠዋት ሊኖራ ክሊኒክ ይወስዱታል። አባባ "አልሄድም" አለ። እትዬ ግሌኒስ "ማን ጠየቀህ?" አሉት። አለቀ።

ከሰዓት ፀሐዩ በረድ ሲል አባባ የውሃ ጀሪካን ላይ እግሩን ሰቅሎ፣ "ግሌኒስ፣ ወርቋን ካወጣሁባት ጉድጓድ በስተቀኝ ያለውን ገና አልፈተሽኩትም" አለ። ሴትየዋ ባርኔጣቸውን ጫን አደረጉ። ከዚያ የድረሱልኝ ቁልፉን ኪሳቸው ከትተው፣ ማሽናቸውን አንግተው፣ ባላቸውንም ይዘው ሄዱ።

አሁን ይሄን ስነግራችሁ አባባ ሬዲዮውን አፉ ላይ ለጥፎ፣ ለበረሃው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣ "ከጉድጓዱ በስተቀኝ አልኩሽ እኮ! ቀስ አድርጊው! ዝንብ ነው እንዴ የምታባርሪው በማሽኑ?" እያለ ነው።

"አንተ እግርህን ስቀልና አፍህን ዝጋ!" ይላል ሬዲዮው።

እኔ ውሃ እቀዳለታለሁ። ይጠጣል። ደግሜ እቀዳለታለሁ።

"ኧረ ልጅት፣ ልታሰጥሚኝ ነው እንዴ?" ይለኛል።

አሁንም እቀዳለሁ።