እስኪገባኝ የምትደግምልኝ ልጅ

ሥራዬ ሰው ከሰው ማገናኘት ነው ይባላል። እውነቱን ለመናገር የማገናኘው ቅጽ ከቅጽ ነው። በአንዱ ፋይል በሳምንት ሁለት ሰዓት የሚሰጡ በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ በሌላው ደግሞ የሚያዋራቸው ትልቅ ሰው የሚፈልጉ ልጆች።

ልጅቷ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ትንተባተባለች። ሁለት በጎ ፈቃደኞች ሞክረዋታል። የባንክ ሠራተኛዋም፣ ከእሷ በኋላ የመጣው የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ደጎች ነበሩ፤ ግን የጀመረችውን ቃል ከአፏ እየነጠቁ ይጨርሱላታል። በመጨረሻ መናገሩን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ደንባችን ደግሞ ሦስተኛው ካልተሳካ ፋይሉ ይዘጋ ይላል፤ ወረፋ የሚጠብቅ ልጅ ብዙ ነው።

«እባክሽ እህቴ፣ ይቺን የመጨረሻዋን በደንብ አስቢባት» አለችኝ እናቷ።

እሺ አልኳት፤ አላሰብኩበትም። ያን ሳምንት ልጅ ያልተመደበላቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ መካኒክ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እያልኩ ስማቸውን ከስሟ አጠገብ ጻፍኩት።

መካኒኩ ቅጹ ላይ «የጤና ችግር» ለሚለው «የለም» ብለው ሞልተዋል። ጆሯቸው እንደማይሰማ ያወቅሁት በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ከጀርባቸው ሆኜ አራት ጊዜ ከተጣራሁ በኋላ ነው። ለምን አልጻፉትም ብላቸው ገረማቸው።

«እሱ ደግሞ በሽታ ነው እንዴ? ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት የሠራ ሁሉ እንዲሁ ነው። ከንፈር እናነባለን።»

ልቀይራቸው ይገባኝ ነበር። ግን በበሩ መስታወት ስመለከት ልጅቷ ታወራለች። አንድ ሰው የለገሰንን አሮጌ የልብስ ስፌት መኪና ጠረጴዛው ላይ ፈታተውት፣ እሷ እያወራች፣ እሳቸው አፏን አፏን ያያሉ። አንድም ቃል አይነጥቋትም። በወሩ መጨረሻ ያስገቡት ሪፖርት ሁለት መስመር ነበር፦ «ጥሩ አስተዳደግ ያላት ልጅ ናት። እስኪገባኝ ድረስ ቃሉን እየደጋገመች ትነግረኛለች።»

ነገሩ ቆይቶ ገባኝ። ፋብሪካ ውስጥ፣ በዚያ ጩኸት መሀል፣ አንዱን ቃል ሦስት አራቴ መደጋገም ወግ ነው፤ አድማጩም እስኪያልቅ ይጠብቃል። ልጅቷ ለእሳቸው ብላ የምትደግም መስሏቸዋል። አንጀቴን በሉት፤ ሳቄም መጣ። ልንገራቸው ወይስ ይቅር ስል ሰነበትኩና፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ሪፖርቱን ፋይሉ ውስጥ ከተትኩት።

በስምንተኛው ወር የመካኒኩ ሴት ልጅ የጆሮ መስሚያ ገዛችላቸው። ያን ቅዳሜ ቁም ሳጥን ውስጥ ወረቀት የምፈልግ መስዬ ክፍሉ ውስጥ ቆየሁ። ፈርቼ ነበር።

«የ... የ... የታ... የታችኛው ብሎን» ብላ ጀመረች ልጅቷ።

መካኒኩ ፈገግ ብለው እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ አሁን እኮ ይሰማኛል። አንዴ ካልሽኝ ይበቃል።»

ካቻቢቴውን አስቀመጠች። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ የባንክ ሠራተኛዋም ጋ፣ ተማሪውም ጋ ያበቃው በእሱ ነው። ላስረዳላት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። እኔም ከአፏ ልነጥቅ ነበር።

ከዚያ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ለ... ለ... ለእርስዎ ብዬ አይደለም፣ ጋሼ። እ... እንዲህ ነው የ... የማወራው።»

መካኒኩ እኔን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ጆሯቸውን ነካ አደረጉ።

«እኔም ለአንቺ ብዬ አልነበረም የምጠብቅሽ» አሉ በመጨረሻ። «አይሰማኝም ነበር።»

መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። እሳቸውም ተከተሏት። ሳቁ ሲያልቅ መስሚያቸውን ያወልቁታል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላወለቁትም። ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረጉ።

«እሺ፣ የታችኛው ብሎን ምን ሆነ?» አሏትና፣ እንደ ድሮው አፏን እያዩ መጠበቅ ጀመሩ።