አራት ሰከንድ

ሳጥኑ የሚከፈተው አራት ሰዓት ላይ ነው። ፊዚሲስቷ ግን ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምራ ቢሮዋ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ሳጥን ይባል እንጂ ሳጥንስ አይደለም። ከምድር በታች የተቀመጠ፣ መሣሪያ የተገጠመለት ታንከር ሦስት ዓመት የሰበሰበው መረጃ ነው። ማንም ይዞት የማያውቀው ቅንጣት ካለ የሚታየው ከመረጃው መሃል ባለች አንዲት ክፍል ስለሆነ፣ ያቺ ክፍል በኮምፒውተር ተሸፍና ትቆያለች። የማጣሪያው ደንብ ተጽፎ እስኪያልቅ ድረስ አንድም ሰው አያያትም። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ። አስቀድሞ ያየ ሰው ወንፊቱን የሚሠራው ለሚፈልገው ነገር እንዲመች አድርጎ ነው።

እሷ ደግሞ አይታለች።

ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ፕሮግራሟ ውስጥ አንድ መስመር ስታስተካክል መሸፈኛው ሳታስበው ተነሣና ግራፉ ፊቷ ላይ ተዘረጋ። በአራት ሰከንድ ውስጥ ዘጋችው። ግን ሃያ ስድስት ዓመት ነጥብ ስትቆጥር ለኖረች ሴት አራት ሰከንድ መች ያንሳታል? ቅንጣቱ ባይኖርም እንኳ አምስት ነጥብ በሚጠበቅበት ቦታ አሥራ አራት ተሰብስበዋል። ሦስት ደግሞ ከማጣሪያው መስመር ወዲያ ለጥቂት ቀርተዋል።

«ነገ እናገራለሁ» አለች። ነገ ደግሞ የራሱ ነገ አለው። በሳምንቱ ከማጣሪያው ደንቦች የአንዱን ቁጥር ትንሽ ላላ አደረገችው፤ ለጥቂት የቀሩት ሦስቱም ይገባሉ። ምክንያቷን በሁለት ገጽ ጽፋ ስታቀርብ ማንም አልተቃወመም፤ ምክንያቱ ጥሩ ነበር። ጭንቀቷም ይኸው ነው። ባላይ ኖሮ ይህ ጥሩ ምክንያት ይመጣልኝ ነበር? ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም፣ እህልም አልወርድ ብሏታል።

ዕድሜዋን የሰጠችው ለዚህ ነገር ነው። ሥራ ስትጀምር ከምድር በታች ባለው አዳራሽ የሴቶች መጸዳጃ ቤት አልነበረም። በቸገራት ቁጥር በሊፍት አሥራ አንድ ደቂቃ ትወጣለች፣ አሥራ አንድ ደቂቃ ትወርዳለች። ወንዶቹ «እሷ እኮ ከቅንጣቱ ይልቅ ሊፍቱን አጥንታዋለች» ብለው ይሳለቁ ነበር። የመጀመሪያውን መሣሪያ አራት መቶ ሽቦ የበየደችው በእጇ ነው፤ ጠባሳው ዛሬም አውራ ጣቷ ላይ አለ። ያ መሣሪያ ምንም አላገኘም። ሁለተኛውም እንዲሁ። ዘጠኝ ጽሑፍ አሳትማለች፤ ዘጠኙም ሲጨመቁ «ከበፊቱ አጥብቀን ፈልገን አጣነው» ነው የሚሉት። ጡረታ ለመውጣት አራት ወር ቀርቷታል።

ሦስት ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናቸው።

«ዛሬ ነው ያልሽኝ አይደል? ተገኘ?»

«ገና ነው እማዬ።»

«ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ? አልጋ ሥርስ አይተሻል? ኋላ ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብሽ።» ወዲያው ደግሞ፣ «ድምፅሽ ምን ሆኗል?»

«ምንም።»

«የወለድኩሽ እኔ ነኝ። ልጅ ሆነሽ ስኳር የሰረቅሽ ቀን እንዲህ ነበር ድምፅሽ የሚሰልለው።»

መሳቅ አማራት፤ አልሆነላትም።

በስብሰባው ክፍል አሥራ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። ኮምፒውተሩ ፊት ያለችው፣ ለዶክትሬቷ ይህን ቀን ሦስት ዓመት የጠበቀች የራሷ ተማሪ ናት። የቡድኑን መሪ «ሚዛን» ይሉታል፤ ቃል ሳይመዝን አያወጣም። ዛሬ የታሸገ ቡናማ ፖስታ ይዞ መጥቶ ክርኑ ሥር አስቀምጧል። የጡረታ ደብዳቤዬ ነው፣ በጭብጨባ መሃል ሊሰጠኝ ነው ብላ አሰበች። ይብስ ጨነቃት።

ከመክፈት በፊት አንድ ልማድ አለ። መሪው እያንዳንዱን ሰው በተራ ይጠይቃል።

«አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«አይተሻል?»

«አላየሁም» አለች ተማሪዋ፣ ወደ አስተማሪዋ ፈገግ ብላ።

ያቺ ፈገግታ አንጀቷን በላችው። ዝም ብትል ማን ያውቃል? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ ብቻ ሆዷ አወቀ። ተናግራ ውጤቱ ከተጣለስ ይህች ልጅ ምን ትሆናለች?

«እታለም፣ አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

ከዚያ ሁሉንም ተናገረች፤ አራቱን ሰከንድ፣ አሥራ አራቱን ነጥብ፣ ያላላችውን ቁጥር። «ምክንያቴ ጥሩ ነው። የመጣልኝ ግን ካየሁ በኋላ ነው» አለች። እንደ ልጅ አፈረች። ማንንም ቀና ብላ ማየት አቃታት።

ሚዛን ፖስታውን አንሥቶ ቀደደው።

«በዚህ ዙር መረጃው ውስጥ የውሸት ነጥቦች ከተናል። ቡድኑን ለመፈተን አንድ ቀን ሊደረግ እንደሚችል ሁላችሁም ስትቀጠሩ ፈርማችኋል። የከተትነው አሥራ ሁለት ነው። በድሮው ቁጥር ዘጠኙ ያልፋሉ።» ወደ እሷ ዞረ። «በአዲሱ ቁጥር አንድም ሳይቀር አሥራ ሁለቱም ያልፋሉ። ትናንት ሳመሳክር ነው የደረስኩበት። ጥያቄው አንቺ ጋ እስኪደርስ ነፍሴ አልነበረችም፣ እታለም።»

እሷም የፈረመችበት ወረቀት ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመት አስረስቷታል። ክብሯን ልትሸጥ የነበረው ሰው በእጁ ለከተተው ነገር ነው።

ቁጥሩ ወደ ድሮው ተመለሰ፣ የውሸት ነጥቦቹ ወጡ፣ ተማሪዋ ሳጥኑን ከፈተች። አምስት ነጥብ። ሲጠበቅ የነበረው አምስት፣ ሌላ ምንም የለም።

«ውጤቱ ንጹሕ ነው፤ ለዶክትሬትሽ ይበቃል» አላት ሚዛን ተማሪዋን። ከዚያ ወደ አስተማሪዋ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያየ ሰው ጽሑፉ ላይ አይፈርምም፤ ደንቡን ታውቂዋለሽ» አለ።

«እኔው ነኝ የጻፍኩት» አለች እሷ። አሥረኛው ጽሑፍ፣ የመጨረሻው፣ ስሟ ሳይኖርበት ይወጣል። አመማት፣ ከልቧ አመማት።

ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ደወለች።

«አልተገኘም እማዬ።»

«ስኳሩንስ?» አሉ እናቷ።

«ተናገርኩ።»

«እሰይ። በይ አሁን ሂጂና ምሳሽን ብዪ።»

ከሦስት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ራባት።