ከመታጠፊያው በፊት ያለው ጉድጓድ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስልኬ ሲጮኽ፣ እኔ ቀሚሴን ገልብጬ እስክለብስ አባዬ ጫማውን አስሮ፣ ሞተር አስነስቶ፣ "ምነው ዛሬ! ሙሽራ ነሽ እንዴ?" ይለኛል። እኔ አዋላጅ ነኝ፤ እሱ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። አሮጌዋ ፒካፕ የእሱ፣ ምጥ የያዛቸው ሴቶች የእኔ ናቸው። አስፋልት የማያውቀውን የእርሻ መንገድ ሁሉ ለስምንት ዓመት በሌሊት አብረን ዞረነዋል፤ አንድም ቀን ስቶ አያውቅም። ሰፈሩ "ካርታው" ነው የሚለው። "መሪ የለቀቅኩ ዕለት ቅበሩኝ" ይላል፣ ሲቀልድ እንዳይመስላችሁ።

እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፤ አልክድም። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በሌሊት ግን መሪ አስነክቶኝ አያውቅም። አንድ ማታ በር ጀርባ የተሰቀለውን ካፖርቴን "ደህና አመሸሽ?" ሲለው ሰማሁት። "አባዬ፣ ሐኪም ቤት ሄደን ዓይንህ ይታይ" ብለው፣ "ቀልዴን ነው፤ አንቺ ደግሞ ቀልድ አይገባሽም" ብሎ አፌን አዘጋኝ።

ሳምንት ሳይሞላ በሌሊት የደወለው አንድ የምናውቀው ንብ አናቢ ነው። ሚስቱ ሦስተኛ ልጇን ልትወልድ ነው። ሁለተኛውን ገና መንገድ ላይ ሳለን ወልዳ ነበር የጠበቀችን። "ሲስተር፣ ዛሬ እንኳ ቶሎ ድረሺልን!" አለኝ።

ከአስፋልቱ ወረድን። ጨለማው ድቅድቅ ነው። ወደ ንብ አናቢው ቤት የሚወስደው መንገድ ጉድጓድ በጉድጓድ ነበር፤ አባዬ ትልልቆቹ ውስጥ ሲገባ "አንድ… ሁለት…" እያለ ያጉረመርማል። ለዓመታት መንገዱን የሚሳደብ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን መኪናዋ ሽር ብትን አለች። እኔ እሰይ አልኩ። አባዬ ግን ላብ በላብ ሆኗል።

"ጉድጓዶቹስ?" አለኝ።

"የምን ጉድጓድ? ተመስገን አትልም?"

"ሦስተኛው እኮ እስካሁን መምጣት ነበረበት…"

መታጠፊያው በመኪናዋ መብራት ከፊታችን ወለል ብሎ ይታያል። አባዬ ግን ቀጥ ብሎ ነዳ። "ግራ! አባዬ፣ ግራ!" ብዬ ስጮህ የመኪናዋ አፍንጫ የታረሰ ማሳ ውስጥ ተቀርቅሯል።

አባዬ ነዳጅ ሰጠ። ጎማው ጭቃ ረጨ እንጂ ንቅንቅ የለም።

"ተው! ከወደቁ ወዲያ መፈራገጥ ለመላላጥ ነው" አልኩት። "መታጠፊያውን አላየኸውም?"

"ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ አላየሁትም።"

"እሱማ ገብቶኛል! ከመቼ ጀምሮ ነው?"

መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። "ሌሊት ሌሊት… ከካቻምና ጀምሮ" አለ በመጨረሻ። "የሣሩን ዳር እንደ ጥላ አያለሁ፤ መታጠፊያ ግን አይለይልኝም። ጉድጓዶቹን ግን በመቀመጫዬ አውቃቸዋለሁ። ሦስት ጉድጓድ፣ ከዚያ ግራ። ማን እንደደፈናቸው እንጃ።"

ደሜ ፈላ። "ሁለት ዓመት ሙሉ በመቀመጫህ ነው የነዳኸኝ? ድንቄም ካርታ! ብንገለበጥስ? እዚያ የምታምጠው ሴትስ?"

"መሪውን ከለቀቅኩ ምን እሆናለሁ?" አለ። "ቤት ቁጭ ብዬ ግድግዳ ልቁጠር? አንቺ ለብቻሽ በጨለማ ስትወጪ እኔ ተኝቼ ልደር?"

አንጀቴን በላው። ምጥ ግን ቀጠሮ አያውቅም። ወርጄ በእሱ በኩል ዞርኩና በሩን ከፈትኩ። "ውረድ፣ የኔ ጌታ" አልኩት። ወረደ። የመኪናዋን ጎን እየዳበሰ ዞሮ እኔ ቦታ ሲቀመጥ ማየት አልቻልኩም፤ ፊቴን አዞርኩ።

"የኋላ ማርሽ አስገቢ፤ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ" አለኝ። "ደግሞ አትጩሂባት፤ እሷ እንደኔ አትችልሽም። ጎማው እየተንሸራተተ ነው… ተይው… አሁን ስጪ!"

መኪናዋ ዘላ ወጣች። እኔ እያየሁ፣ እሱ እየነገረኝ ደረስን። ከሩብ ሰዓት በኋላ ልጅቷ መጣች፤ ድምፅዋ ጣሪያ ይነቅላል።

ሲነጋ ንብ አናቢው ደስታውን የሚያደርግበት አጥቶ፣ "መንገዱን አያችሁልኝ?" አለ። "ሲስተር ቶሎ እንድትደርስ ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ጠጠር ተሸክሜ ጉድጓዱን ሁሉ ደፈንኩት!"

አፌን ልከፍት ስል አባዬ ቀደመኝ። "እጅህ ይባረክ፤ አስፋልት አስመስለኸዋል" አለውና ሄዶ የተሳፋሪው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኔ ግን ሆዴ ነገር አይዝም፤ ንብ አናቢው ሲያስታጥበኝ ሁሉንም ሹክ አልኩት። ሰውየው ጆጉን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሌሊት የምነዳው እኔ ሆንኩ። አባዬ አሁንም ከእኔ ቀድሞ ጫማውን ያስራል፣ ሞተር ያስነሳል፤ ከዚያ ዞሮ ይቀመጣል። መንገዱን ሙሉ ግን ቃል አይወጣውም፤ አንዴ እንኳ "ቀስ በይ" አይለኝም። ያ "ቅበሩኝ" ያለው ነገር ትዝ እያለኝ ፈራሁ። አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ ሲያልቅብኝ ነው የማየው።

በሦስተኛው ሳምንት ከንብ አናቢው ቤት ማዶ ካለ እርሻ ተጠራን። ያንን የተስተካከለ መንገድ ይዘን ስንሄድ፣ ለመታጠፊያው ሃያ እርምጃ ሲቀረን፣ ጓ! ጥርሴ ተጋጨ። ጉድጓድ ነው። አንድ ብቻ፤ ዳር ዳሩ በአካፋ የተስተካከለ፣ ጠጠሩ በጎን የተቆለለ።

አባዬ ቀና አለ።

"ግራ!" አለ። ድምፁ የድሮው ድምፁ ነው።

መታጠፊያውን ካየሁት ቆይቻለሁ። "እሺ አባዬ" ብዬ ታጠፍኩ።

"ቀስ በይ እንጂ! ምን ያጣድፍሻል? ካርታው አለልሽ አይደል?" አለና እስክንደርስ ድረስ አነዳዴን ሲያብጠለጥል አመሸ። እኔ ቁጡዋ አንድ ቃል አልመለስኩም፤ እንባዬ መንገዱን እንዳይጋርድብኝ ዓይኔን ስጠርግ ነበር።

ከጉድጓዱ በስተቀኝ መኪና የሚያሳልፍ ሰፊ ቦታ አለ። እስከ ዛሬ አንድም ቀን በዚያ አልፌ አላውቅም።